ባልቻ አባ ነፍሶ፦ ከዓድዋ መድፍ እስከ አገምጃ የመጨረሻ ተኩስ

የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር የዓድዋ ጀግኖች ስም ይነሳል። ከእነዚያ ስሞች መካከል ከመድፍ ጋር ተያይዞ የሚጠራ አንድ ስም አለ፤ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ። ሕዝቡ ባልቻን የሚያስታውሳቸው በአብዛኛው በዚያ አንድ ቀን ድል ነው። የእኒህ ሰው ታሪክ ግን በዓድዋ አላበቃም። ያው ወራሪ ከ40 ዓመት በኋላ ሲመለስ ባልቻ ሹመታቸውን፣ ግዛታቸውንና ጦራቸውን ያጡ አዛውንት ነበሩ። ቂም የሚይዙበት ምክንያት በቂ ነበራቸው። ቢሆንም ሁለተኛ ጊዜ ወጡ፤ በዚያውም ወደቁ።

ባልቻ ሳፎ የተወለዱት በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በጉራጌ ምድር በሚገኘው በአገምጃ አካባቢ ነው። ልጅነታቸው በጦርነት የተሰበረ ልጅነት ነበር። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን የሸዋ ጦር ወደ አካባቢው ዘመተ። በዚያ ዘመቻ ታዳጊው ባልቻ በጦርነቱ መካከል ተገኝተው ተሰለቡ። በዚያ ዘመን የተሰለበ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ፈስሶ ይሞት ነበር። ባልቻ ግን ተረፉ። ምኒልክም ቆስለው ባዩአቸው ጊዜ አዝነው ወደ ቤታቸው እንዲወሰዱና እንዲታከሙ አደረጉ።

እንግዲህ የባልቻ የሕይወት መነሻ ይህ ነው። ያቆሰላቸው ጦር የምኒልክ ነበር፤ ያዳናቸውም ምኒልክ ነበሩ። ባልቻ ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጡ ቀሪ ዘመናቸው ይመሰክራል። በቤተ መንግሥቱ አድገው፣ በምኒልክ ፊት ቆመው፣ የንጉሡን እንጀራ በልተው እስከ ምኒልክ ዕለተ ሞት ድረስ ታማኝ ሆነው ኖሩ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለምኒልክ ቤት የነበራቸው ፍቅር አልቀዘቀዘም።

በዚያ ቤተ መንግሥት እንዲህ ያለ ዕጣ የገጠማቸው ባልቻ ብቻ አልነበሩም። በኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ሸዋ የመጡ ነበሩ። ምኒልክ ሰው የማወቅ ችሎታ ነበራቸውና ከመኳንንት ልጆች ጎን ለጎን እነዚህን ምርኮኛ ልጆች በሥራቸው እየመዘኑ ከፍ አደረጓቸው። ባልቻም ደረጃ በደረጃ አድገው በጅሮንድ ተባሉ። በጅሮንድ የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ሹም ነው። በዚያ ዘመን ግምጃ ቤት ማለት ገንዘብና ጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥቱ መሣሪያም በዚያው ይጠበቅ ነበር። ባልቻ ከመድፍ ጋር የተቆራኙት በዚህ መንገድ ነው።

በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም መያዙ ሲታወቅ ኢትዮጵያና ጣልያን ተቃቃሩ። በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ብትፈልግ በጣልያን አማካይነት ማድረግ ትችላለች ይላል፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ጣልያን በዚህ ሰበብ ኢትዮጵያን ጥገኛዋ አድርጋ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን ሻሩ። ጣልያንም ከኤርትራ ተነስታ ወደ ትግራይ ዘለቀች። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁ ታወጀ፤ በጥቅምትም ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሱ።

የበጅሮንድ ባልቻ ኃላፊነት ከባዱ ነበር። እግረኛው ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ ፈረሰኛው ፈረሱን ኮርቻ ጭኖ ይሄዳል። መድፍ ግን እንዲህ አይጓዝም። በርሜሉ ለብቻ፣ መንኮራኩሩ ለብቻ፣ ጥይቱም ለብቻ ተለይቶ በበቅሎና በሰው ሸክም ገደሉን መውረድ፣ ዳገቱን መውጣት አለበት። አንድ በቅሎ ገደል ከገባ አንድ መድፍ ጎደለ ማለት ነው። ሠረገላ የሚሄድበት መንገድ ባልነበረበት አገር፣ ወንዝና ሸንተረር በበዛበት ጎዳና፣ 40 ያህል መድፎችን ከሸዋ እስከ ትግራይ ማድረስ ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር። መድፎቹ ደረሱ።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና መቀሌ ላይ መጣ። በኅዳር መጨረሻ አምባላጌ ላይ የጣልያን ጦር ከተደመሰሰ በኋላ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው ሌላ ጦር መቀሌ በሚገኘው በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ምሽጉ በድንጋይ የተገነባ፣ በሽቦና በሹል እንጨት የታጠረ ነው። በእግረኛ ለመያዝ የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ። የባልቻና የሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው መድፎች ምሽጉን ከርቀት ይደበድቡ ጀመር። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ የምሽጉን የውኃ ምንጭ እንዲያዝ አደረጉ። ውኃ ጥም ከውስጥ፣ መድፍ ከውጭ ያስጨነቀው የጋሊያኖ ጦር በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቀቀ። ምኒልክም በሰላም እንዲሄድ ፈቀዱለት። ጋሊያኖ ግን ምሕረቱን አግኝቶ ከወጣ በኋላ ዓድዋ ላይ ዳግም ተሰልፎ በዚያው ሞተ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ጄኔራል ባራቴሪ ከ17 ሺህ በላይ የሚሆን ጦሩን በአራት ከፍሎ ወደ ዓድዋ ተራሮች ገባ። የአልበርቶኔ ጦር መንገድ ስቶ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ወጣ፤ የኢትዮጵያም ጦር በመጀመሪያ ያገኘው እርሱን ነው። ጣልያኖች 56 መድፎች ይዘው ነበር፤ በመድፍም እንበልጣለን ብለው ያምኑ ነበር። የበጅሮንድ ባልቻ ፈጣን መድፎች ከኮረብታ ላይ ሲተኩሱ ግን ያ እምነት ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ መሸርሸር ያዘ። ኢትዮጵያውያን መድፈኞች ዒላማ መምታት የሚያውቁ፣ መድፋቸውን ከቦታ ቦታ የሚያዛውሩ ሆነው ተገኙ። እግረኛውና ፈረሰኛው በዚያ ተኩስ ጥላ ሥር ወደ ጠላት ተጠጋ።

የአልበርቶኔ ጦር ተሰበረ፤ ራሱ አልበርቶኔም ተማረከ። ቀጥሎ አሪሞንዲ፣ ከዚያም ዳቦርሚዳ ተገደሉ። ባራቴሪ የተረፈውን ይዞ ወደ ኤርትራ ሸሸ። ቀኑ ሳይመሽ በመድፍ የተመካው ጦር መድፎቹን ሁሉ ጥሎ ሄደ።

ድሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ከወደቁት አንዱ የወኔያቸው ዝና የገነነው ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ። አዝማሪዎችም በዓድዋ ግጥሞቻቸው ገበየሁንና ባልቻን አጣምረው አነሱ፤ የወደቀውን ጀግና ቦታ መድፈኛው ባልቻ እንደተኩት አድርገው አዜሙ። ያ ዜማ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፎ ዛሬም በዓድዋ በዓል ይሰማል። በምርኮኛነት ወደ ሸዋ የመጡት ልጅ በዚያ ቀን የአገር ስም ሆኑ።

ከድሉ በኋላ ባልቻ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተቀብለው በደቡብ የሲዳሞ ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸውንም በደጋው በሀገረ ሰላም አደረጉ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሐረር ተዛውረው ገዙ፤ በ1902 ዓ.ም. ሐረር ለወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ሲሰጥ ባልቻ ወደ ሲዳሞ ተመለሱ። የሁለቱ ሰዎች መንገድ ከዚያ ጀምሮ ሲተላለፍና ሲጋጭ ኖረ።

የባልቻ የሲዳሞ አገዛዝ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ለወታደሮቻቸው ለጋስ፣ በግብር አዳራሻቸው ሰፊ፣ ለሥርዓት ጥብቅ ሹም ነበሩ። ጦራቸው ይወዳቸውና ይፈራቸው ነበር። በሌላ በኩል አገዛዛቸው የቆመው በገባር ሥርዓት ላይ ነው። በዚያ ሥርዓት ገበሬው ለተመደበበት ወታደር እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ እርሻ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል። ላቡ የገበሬው፣ ምርቱ የሹሙና የወታደሩ ነበር። ባልቻም በዚህ ረገድ በገበሬው ላይ ክንዳቸው ከበረታ ገዥዎች መካከል ይቆጠራሉ። ዓድዋ ላይ ለአገር ነጻነት የተዋጉት ሰው የሲዳሞን ገበሬ ከዚያ ቀንበር አላወጡትም። የጀግናው ታሪክ ሲተረክ ይህም አብሮ መነገር ያለበት እውነት ነው።

ሲዳሞ የቡና አገር ነው። የቡና ዋጋ ከፍ እያለ ሲሄድ የግዛቱ ገቢም ጨመረ። ዋና ከተማው የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ሲጭኑ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ራስ ተፈሪ ገቢውን ወደ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ለመሰብሰብ፣ ሹማምንትን ከአዲስ አበባ ሆኖ ለማዘዝ ይፈልጋሉ። ባልቻ ደግሞ የምኒልክ ዘመን ሰው ናቸው። ታማኝነታቸው ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ ነው፤ እንደ ልጅ የሚያዩት አልጋ ወራሽ ሲጠራቸው እየዘገዩ፣ ሲጠይቃቸው እያስረዘሙ ቆዩ። በ1919 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሲሞቱ ከምኒልክ ዘመን ታላላቅ ሹማምንት መካከል በጠንካራነት የቀሩት ባልቻ ነበሩ።

በ1920 ዓ.ም. የካቲት ወር ገደማ ባልቻ በመጨረሻ ጥሪውን አክብረው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የመጡት ግን ባዶ እጃቸውን አልነበረም። እስከ 10 ሺህ የሚገመት የታጠቀ ጦር አስከትለው ከከተማዋ በስተደቡብ በንፋስ ስልክ ሰፈሩ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ባልቻ እንደ ተከሳሽ አይቀርቡም። ከተማዋ ጦርነት ሊነሳ ነው ብላ ሰጋች።

ራስ ተፈሪ የመለሱት በተኩስ አልነበረም፤ በግብር ነው። ባልቻን በታላቅ አክብሮት ወደ ቤተ መንግሥት ጋበዟቸው። ባልቻም ተጠንቅቀው በመቶዎች የሚቆጠሩ የተመረጡ ጠባቂዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። አዳራሹ ሞላ፤ ጠጁ ተቀዳ፤ ፉከራውና ቀረርቶው ቀለጠ። አልጋ ወራሹም ትሕትናና መስተንግዶ አላጓደሉም። ባልቻ የፈሩት ነገር ስላልደረሰ ደስ ብሏቸው ተሰናበቱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ራስ ካሣ ኃይሉ ወደ ንፋስ ስልክ ሄደው ነበር። ለባልቻ ወታደሮች ገንዘብ እየሰጡ መሣሪያቸውን ተቀበሉ፤ ወደየቤታቸውም አሰናበቷቸው። ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ባልቻ ከግብሩ ሲመለሱ የተከሉት ድንኳን እንጂ የሰፈረበት ጦር የለም። ሠራዊታቸውም ግዛታቸውም በአንድ ግብር ላይ እንደተቀመጡ ሄዱ። የመድፍ ጌታ የተባሉት ሰው አንዲት ጥይት ሳይተኮስ ተሸነፉ።

ባልቻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ተማጠኑ፤ ከዚያም እጃቸውን ሰጡ። ለጊዜው ከታሰሩ በኋላ ከሹመት ርቀው በጸሎት እንዲኖሩ ተደረገ። በ1922 ዓ.ም. የዘውዲቱ የቀድሞ ባለቤት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በቀናት ውስጥ ዐረፉ። ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። የባልቻ ዘመን ያለፈ መሰለ። ሽማግሌው በትውልድ አገራቸው በአገምጃ፣ ከአደባባይ ርቀው ተቀመጡ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ዳግም መረብን ተሻገረች። ይህ ጦር ግን የባራቴሪ ጦር አልነበረም። ከሰማይ አውሮፕላን፣ ከምድር ታንክ፣ ከሁለቱም የከፋው ደግሞ የመርዝ ጋዝ ነበረው። ለምኒልክ ዘመን ጦር ድል ያመጣው ወኔ ከዐይን የተሰወረውን መርዝ ሊመክት አልቻለም። በመጋቢት ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ። በሚያዝያ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

በዚያ ጊዜ በኃይለ ሥላሴ መንግሥት ቂም የያዘ ሰው ሁሉ ለጣልያን የተመቸ ነበር። ወራሪውም ይህን ያውቃል። በንጉሠ ነገሥቱ ታስረው የነበሩት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለጣልያን ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበሩት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ገና በጦርነቱ መጀመሪያ ወደ ጣልያን ተሻግረዋል። ባልቻም ያንን በር ክፍት ሆኖ አገኙት። ጦራቸው በዘዴ የተበተነባቸው፣ ግዛታቸው የተነጠቀባቸው፣ የታሰሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውም ከ70 ዓመት አልፏል። ዝም ብለው ቢቀመጡ እንኳ የሚወቅሳቸው ባልኖረ።

ባልቻ ግን ከንጉሡ ጋር የነበራቸውን ጸብና የአገራቸውን ጉዳይ ለይተው አዩ። ሰው ሰብስበው፣ መሣሪያ አንስተው ወጡ። በ1928 ዓ.ም. ክረምት አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት በተንቀሳቀሱ ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ በኩል ስማቸው የሚነሳው ባልቻ ናቸው። ጥቃቱ አልተሳካም። በየአቅጣጫው ያለው ጦር በአንድ ጊዜ ለመድረስ አልቻለም፤ ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ጨቅይቷል፣ ጣልያንም ከተማዋን አጥሮ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ሰሞን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። ይሁን እንጂ አዲስ አበባን የያዘ ኢትዮጵያን ያዘ ማለት እንዳልሆነ ጣልያን በዚያ ክረምት ተረዳ።

ዝናቡ ሲያባራ የጣልያን ጦር በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉትን አርበኞች ለማጥፋት ወጣ። የባልቻ ተከታዮች ከቀን ወደ ቀን አነሱ። ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ሊያበቃ ሲል ጣልያኖች በአገምጃ አካባቢ ደረሱባቸው። ስለ መጨረሻዋ ሰዓታቸው በሰፊው የሚተረከው እንዲህ ነው። እጃቸውን እንዲሰጡ ተላከባቸው፤ ባልቻም የተስማሙ መስለው መጥታችሁ ተረከቡኝ አሉ። ጣልያኖች ዕድሜ የተጫነውን ሽማግሌ ለመረከብ ቀረቡ። ባልቻ ከቀሩት ጥቂት ታማኞቻቸው ጋር ሆነው በቅርብ ርቀት ተኩስ ከፈቱ። የቀረቡትን ጣሉ። ቀሪው ጦርም ተኩሶ እርሳቸውንና አብረዋቸው የነበሩትን ገደለ።

በዓድዋ በባልቻ ዙሪያ 40 ያህል መድፎች፣ ከኋላቸው ንጉሠ ነገሥት፣ በግራና በቀኝ የአገሪቱ ራሶች ሁሉ ነበሩ። በአገምጃ ከጎናቸው የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሹመትም ሽልማትም የሚጠብቃቸው አልነበረም። የዓድዋው ውጊያ አገሪቱ በኃይሏ ላይ ሳለች የተደረገ ነው፤ የአገምጃው ግን ሁሉም ነገር ያለቀ በመሰለ ጊዜ። የመጀመሪያው የባልቻን ስም አስጠራ፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ ስም የማዕረግና የሹመት ስጦታ ብቻ እንዳልነበረ አረጋገጠ።

ባልቻ ልጅ ሳይወልዱ አለፉ። ልጅነታቸውን የቀማቸው ጦርነት ዘር የመተካት ዕድላቸውንም ወስዶታል። ስማቸው ግን አልጠፋም። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በሩሲያ ሐኪሞቹ የታወቀው ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። ከገጠርም ከከተማም የሚመጣ ሕመምተኛ ባልቻ እሄዳለሁ ሲል ስማቸውን በየቀኑ ይጠራዋል። በሕፃንነቱ በጦር ሜዳ ደሙ እየፈሰሰ የተገኘ፣ በሰው ርኅራኄ ታክሞ የተረፈ ልጅ ስም ዛሬ ቁስለኛ የሚታከምበት ደጃፍ ላይ ይነበባል።